ዳዊት መሐል የከረመ ደብዳቤ

ሌላው ፍቅረኛ ስልኩን ያያል፤ ዓባይነሽ ግን የምታየው በሩን ነበር። ስመኘው ስልክ የለውማ። ማለት፣ አለው፤ ግን ነሐሴ አንድ ቀን አጥፍቶ ለአባቱ አስረክቦ፣ ከኪዳነ ምሕረት ግቢ ካለችው የሱባኤ ጎጆ ከገባ አሥር ቀን አልፎታል። ስለዚህ መልሱ ከመጣ የሚመጣው በሰው እግር ነው፤ በዚሁ በፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ በጥርስ ክፍሉ በር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ልቧ ብድግ ይላል። የሚገባው ግን ጉንጩን በነጠላ የጠቀለለ በሽተኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓባይነሽ ቢያድግልኝ የቡሬ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ናት። ቤታቸው የአዊ ቤት ነው፤ አባትና እናት ሲኮራረፉም ሲታረቁም በአዊኛ ነው፤ ልጆቻቸውን ሲቆጡ ብቻ አማርኛ ያወጣሉ። ሐምሌ ላይ ከጎንደር በጥርስ ሕክምና ተመርቃ፣ ምደባ እስኪወጣላት ድረስ ዶክተር ምሕረትን ታግዛለች። ዶክተር ምሕረት ሰው ሁሉ የሚፈራት፣ ነገር ግን ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ሴት ናት።

የተለመደው መንገድ ይታወቃል። የተመረቀ የጥርስ ሐኪም ሁለት ሦስት ዓመት ያገለግላል፤ ጥርስ ሲነቅል ሲሞላ ከርሞ፣ እጁ ሲጠነክር ነው ስፔሻሊቲ ለመማር የሚወዳደረው። ከትምህርት ቤት ወጥቶ በቀጥታ ሬዚደንሲ የሚገባ በጣት ይቆጠራል። ዓባይነሽ ግን አልጠበቀችም፤ በተመረቀች በሁለተኛው ሳምንት ተፈተነች። ጓደኞቿ «ጋዋኑ እንኳ ሳይቆሽሽ!» ብለው ሳቁባት። ነሐሴ ስድስት ቀን ውጤቱ ወጣ፤ አለፈች። የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና፣ አዲስ አበባ፣ አራት ዓመት። እስከ ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በኢንተርኔት ገብታ መቀበሏን ካላረጋገጠች ቦታው ለተጠባባቂ ያልፋል።

ያስቸኮላት ታላቅ እህቷ ናት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ንግሥቴን የታች ጥርሷ አመማት። ቅርንፉድ ነከሰችበት፣ ጸበል ያዘችበት፣ ቻለችው። በአራተኛው ቀን እብጠቱ አንገቷ ላይ ወረደ። በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲሮጡ ቡሬ ሳይደርሱ ትንፋሿ ተቋረጠ። በለቅሶው የመጣው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው ያለው፦ «ኧረ በጥርስ ሰው ይሞታል?» ዓባይነሽ ያን ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ጥያቄው እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም።

ስመኘውን ያየችውም በዚያው ቀን ነው። በንግሥቴ ፍትሐት ላይ መስቀል ይዞ የቆመው ወጣት ዲያቆን ለማያውቃት ሴት ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጎንደር ሳለች፣ ደብዳቤ ጻፈላት። በስልክ የሚባባሉት ሰላምታ ብቻ ነው፤ እሱ ስልክ ላይ ያፍራል። ወረቀት ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። ብራና ላይ መጻፍ የለመደ እጅ ነውና ፊደሉ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም። በመኪና ረዳቶች ኪስ እየታጠፉ የመጡላት አርባ አንድ ደብዳቤዎች አሉ፤ አንዱም አልጠፋባትም።

እንግዲህ ከሁለቱ መሐል የቆመው ነገር ሀብትም ዘርም አይደለም፤ ቅዳሴ ነው። ለመቀደስ ቢያንስ አምስት አገልጋይ ያስፈልጋል፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። ከኪዳነ ምሕረት ሁለት ቄሶች አንዱ ሰኔ ላይ አረፉ። የቀሩት የስመኘው አባት፣ ቄስ ያረጋል ብቻ ናቸው፤ ለበዓል ቀን ከጎረቤት ደብር ቄስ በልመና ይመጣል። ስለዚህ ሰበካው ሁሉ የስመኘውን ፊት ያያል። ለመቀሰስ ደግሞ አስቀድሞ ማግባት አለበት፤ ከክህነት በኋላ ጋብቻ የለምና። ጳጳሱ ክህነት የሚሰጡት መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ስመኘው ሙሽራ ያጣ መስሏቸው ህይወት የምትባል የአንድ ደግ ገበሬ ልጅ ስም ማንሣት ጀምረዋል።

ዓባይነሽን አግብቶ ትሂድ እንዳይል፣ የቄስ ሚስት ከቄሱ ጋር ነው የምትኖረው። ቄስ ያረጋል ይህን ለልጃቸው አንድ ቀን ነግረውታል፤ ቤቱ ባዶ የሆነ ቄስ ሌላውን ሲያናዝዝ ሕዝቡ እሱን ይጠረጥረዋል ብለው። ስመኘው ይህን ሁሉ በአርባኛው ደብዳቤ ጻፈላት። በአርባ አንደኛው፣ ፍልሰታን ሱባኤ ልገባ ነው አላት። ለምን እንደሚገባ ግን አልጻፈም።

ውጤቱ በወጣ ማግስት ዓባይነሽ የመጀመሪያዋን አጭር ደብዳቤ ጻፈች። «ቦታውን አግኝቻለሁ። እስከ አሥራ ሁለት ድረስ መልስ መስጠት አለብኝ። ቆዪ ካልከኝ እቆያለሁ፤ ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ። ዝም ብቻ አትበለኝ።» ፖስታውን አሽጋ፣ ከቡሬ ሁለት ሰዓት በጭቃ ተጉዛ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለቄስ ያረጋል ሰጠቻቸው። ለስመኘው ይስጡልኝ አለቻቸው፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከዳዊታቸው መሐል አስገቡት። «እሰጠዋለሁ፣ ልጄ» አሉ።

መቼ ብላ አልጠየቀችም። ለቄስ፣ ያውም ለፍቅረኛዋ አባት፣ «ዛሬ ነው ነገ?» ማለት ነውር ነው። የመልሱን ቀነ ገደብ ለእሳቸው አልተናገረችም፤ ቀኑ ያለው ከታሸገው ፖስታ ውስጥ ነው። ሱባኤ ለገባ ሰው የዓለም ወሬ እንደማይነገረው ታውቃለች፤ የገጠር ልጅ ናት፣ እንዴት አታውቅም። ግን «እሰጠዋለሁ» ብለዋታል፤ የወደደ ልብ ደግሞ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚሰማው።

ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተ። የሰበካው ሊቀ መንበር አቶ ወንዳወቅ ሽማግሌ ደግፈው ገቡ። ዓባይነሽ መጀመሪያ ያየችው የሽማግሌውን ጥምጥም ነው። ቄስ ያረጋል ናቸው። መልሱ መጣ ብላ ልትስቅ ስትል ፊታቸውን አየች፤ ሳቋ እዚያው ቀረ።

የግራ መንጋጋቸው አብጦ ጢማቸው ወደ ጎን ተንጋዷል። እብጠቱ ከአገጫቸው በታች ወርዶ አንገታቸውን ሞልቶታል። ምራቃቸውን መዋጥ ስላቃታቸው በመሐረብ ይጠርጋሉ። አቶ ወንዳወቅ እንደነገሯት፣ ከጀመራቸው አራተኛ ቀናቸው ነው፤ ጾም ነው፣ መድኃኒት አልቀምስም ብለው ቆዩ፤ ዛሬ ጠዋት ግን ትንፋሽ ሲያጥራቸው በግድ በባጃጅ ጭነው አመጧቸው።

«አፍዎን ይክፈቱልኝ፣ አባ።»

አልተከፈተም። ጣቷ እንኳ የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረም። ዓባይነሽ የንግሥቴን አንገት አየች፤ እዚያው ወንበሩ ላይ፣ በዘጠኝ ዓመቱ።

ዶክተር ምሕረት መጥታ አንድ ጊዜ ዳሰሰቻቸው። ወደ ባሕር ዳር መላክ ነበረባቸው፤ መንገዱ ግን ከተዘጋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጓንቷን አጥልቃ ከዓባይነሽ ጎን ቆመች። «አንቺ ነሽ የምትሠሪው» አለቻት ቀስ ብላ። «እኔ ከጎንሽ ነኝ። እጅሽ የሚንቀጠቀጠው ቢላዋውን እስክትይዥው ነው።»

እውነትም ከዚያ ወዲያ አልተንቀጠቀጠም። ቄስ ያረጋል ዳዊታቸውን ከነማኅደሩ ደረታቸው ላይ አቅፈው አልሰጥም አሉ፤ ተዉአቸው ተባለ። ዓባይነሽ አደነዘዘች፣ ከመንጋጋው ሥር ቀደደች፤ መግሉ ወጣ። መንጋጋው ሲላላ ያን የተበላሸ ጥርስ ነቀለችው። የሽማግሌው ትንፋሽ እየቀለለ ሲመጣ የራሷም ትንፋሽ ተመለሰላት። ሰው በጥርስ ይሞታል፤ ዛሬ ግን አልሞተም።

ስፌቱን ስትጨርስ ፊት ለፊት ተያዩ። ቄስ ያረጋል ዐይናቸውን ከዐይኗ አልነቀሉም፤ አንድ ነገር ሊሉ የፈለጉ ይመስላሉ፤ አፋቸው ግን በፋሻ ተሞልቷል። እጃቸው ዳዊቱን ጨበጥ አደረገው። የስመኘው መልስ ከዚህ ሰው ዘንድ አለ፤ ከእሷ ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። ከማስኩ በስተጀርባ አፏን ከፈተች።

«አባ...»

ቅንድባቸውን አነሡ።

«...ያምዎታል?»

በራሳቸው ንቅናቄ አይ አሉና ዐይናቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ያ አስተያየት ልቧን ቆረጠው። የልጃቸውን መልስ ያውቁታል፤ መልካም ስላልሆነ ነው ያፈሩት አለች በሆዷ። ሽማግሌው ደግሞ ይህች ልጅ እንዲህ ስታድነኝ አደራዋን ገና ሳላደርስላት ብለው ነበር ያፈሩት፤ ይህንን ግን ያወቀችው በኋላ ነው።

አቶ ወንዳወቅ ቁስሉ መቼ እንደሚደርቅ ጠየቋት። ሳምንት አሥር ቀን ይደማል፣ ያዣል አለቻቸው። ሰውዬው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ። «እንግዲያው ለአሥራ ስድስት አይቀድሱም ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ደም የሚፈሰው ቄስ መቅደስ አይገባም። ስመኘው ቶሎ ቢቀስስልን ነው እንጂ፣ አበቃልን።»

ለምን እንደ ገረጣች አልገባቸውም። ያዳነቻቸው እሷ ናት፤ በዚያው ቢላዋ ስመኘውን ለመቅደሱ አስራ መስጠቷንም ያየችው እሷ ብቻ ናት። እጇን ስትታጠብ ውኃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ፤ ሳሙናውን እንደያዘች ቀርታ ነበር።

በማግስቱ፣ አሥራ ሁለት ቀን፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ዓባይነሽ አሥራ አንድ በሽተኛ አየች፤ አሥራ አንድ ጊዜም በሩን አየች። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ዶክተር ምሕረት የቢሮዋን ኮምፒውተር ከፍታ ጠራቻት። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ዓባይነሽ ነገሩን ሁሉ ነገረቻት፤ ደብዳቤውን፣ ዝምታውን፣ የትናንቱን አስተያየት። ትንሽ እንጠብቅ ወይ ብላም ጠየቀቻት።

ዶክተር ምሕረት መስኮቱን እያየች ነበር የመለሰችላት። «እኔም አንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብዬ፣ አንድ ዓመት ብቻ ብዬ ይህንኑ ነገር አሳለፍኩት» አለች። «አንዱ ዓመት ዐሥራ ሁለት ሆነ። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም። ቦታው ነው የማይመለሰው።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀር ኔትወርኩ መጣ። ዓባይነሽ የመጨረሻ ጊዜ ወደ በሩ ዞረች። ከበሩ ውጪ የፈረስ ጋሪ ደወል ሲያልፍ ተሰማ፤ አልቆመም። የመቀበያውን ቁልፍ ተጫነችው። ገጹ ላይ «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ነገር ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ዶክተር ምሕረት አላባበለቻትም፤ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ እስኪወጣላት ጠበቀቻት።

ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል፣ ጾሙም የሚፈታበት ቀን። ዓባይነሽ የመጣሁት የቄሱን ስፌት ልፈታ ነው ብላ ነው፤ ለእናቷም እንዲያው ነው ያለቻቸው። በአራት ቀን ውስጥ ስመኘውን ለመጥላት የሚቻላትን ያህል ሞክራ ነበር። ሂጂም ቆዪም ለማለት ያልደፈረ ወንድ፣ እያለች። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው የጉልት ገበያ ሜዳ ስትደርስ ግን ጥላቻው አላግዛት አለ።

ግቢው ነጭ በለበሰ ሕዝብ ሞልቷል፤ ሆኖም የበዓል ድምፅ የለውም። ሊመጡ ከነበሩት ሁለት የእንግዳ ቄሶች የደረሱት አንዱ ብቻ ናቸው፤ ለሌላው መንገዱ አልተከፈተም። ቄስ ያረጋል አገጫቸውን በነጭ ጨርቅ አስረው ከደጀ ሰላሙ ተቀምጠዋል። በገዛ በዓሏ ቀን ኪዳነ ምሕረት ሳትቀደስ ዋለች። ከንጋት ጀምረው የቆሙ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን ሳያቆርቡ ቀስ በቀስ ወደየቤታቸው ያዘግማሉ። ማንንም አልወቀሱም፤ ቢወቅሱ ይሻላት ነበር።

ስመኘው ከጎጆው ሲወጣ አየችው። ከስቷል፤ ጢሙ አድጎ ጉንጩ ጎድጉዷል። እሱም አያት፤ ፈገግ አለ። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ፈገግታ ነበር። ዓባይነሽ ግራ ገባት። እንዴት ይስቅልኛል?

ያን ጊዜ ቄስ ያረጋል ማኅደሩን ፈትተው ዳዊቱን ገለጡ። ከመሐሉ ፖስታውን አወጡ። እንደታሸገ ነው፤ እንዳሸገችው። ለልጃቸው እየሰጡ፣ አፋቸው እንደልብ ስላልታዘዘላቸው፣ በቀስታ ተናገሩ።

«ከሱባኤ ያለ ሰው የዓለም ነገር አይነገረውም ብዬ ነው። እኔም የእናቴን ማረፍ የሰማሁት ከሱባኤ ስወጣ ነው። እንዲያ ነው የተማርነው።»

ስመኘው ቆሞ አነበበው። አራት መስመር ነው፤ ለአራት መስመር ግን ብዙ ቆየ።

«ዛሬ ስንት ነው?» አለ፣ በዓሉን ረስቶ።

«አሥራ ስድስት።»

«አንቺስ?»

«ሄድኩ» አለችው። «ከፊትህ ቆሜ ታየኛለህ እንጂ ሄጃለሁ። ዝም ያልከኝ መስሎኝ።»

ወረቀቱን በተጣጠፈበት መሥመር መልሶ አጠፈው። ዓባይነሽ ይህን ጥያቄ ካልጠየቀች ዕድሜዋን ሙሉ እንደሚያንቃት አወቀች።

«ነሐሴ ሰባት ቀን ደርሶህ ቢሆን ምን ትለኝ ነበር?»

«የገባሁት ለዚሁ ነው» አለ። «ቦታውን እንድታገኚ፣ እኔም አብሬሽ ለመሄድ ልቤ እንዲጸና። ዲያቆን ሆኜ እቀራለሁ፣ አዲስ አበባ የማገለግልበት ደብር አላጣም ብዬ። አባቴ ያን ጊዜ ጤነኛ ነበሩ፤ በልመናም ቢሆን ሌላ ቄስ እስኪገኝ ይችሉታል ብዬ ነበር። ቆዪም ሂጂም አልልሽም ነበር፣ ዓባይ። እንሂድ ነበር የምልሽ።»

ዓባይነሽ ከሁለቱ ምረጥልኝ ብላ ነበር የጻፈችው። ሦስተኛ ቃል እንዳለ አላሰበችም ነበር፤ እሷ ያላሰበችውን እሱ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ቆሞ ለመነው።

«አሁንስ?» አለችው። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «አሁንስ፣ ስመኘው?»

ስመኘው አባቱን አየ፤ የታሰረ አገጫቸውን። ከበሩ የሚወጡትን እናቶች አየ። አቶ ወንዳወቅ ከግራሩ ሥር ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመው ይጠብቁታል፤ ለእሑድ ወደ ህይወት ቤት ሊላኩ የተነገራቸው ሽማግሌዎች ናቸው። አፉን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተው።

ምንም አልወጣውም። ዓባይነሽ አራት ቀን ያለቀሰችበት ዝምታ ያልነበረ ነገር ነው። ይህኛው ግን ነበረ፤ በዐይኗ አየችው፣ እንባው ጢሙ ውስጥ እየገባ። እንዳትጠላው እንኳ ምክንያቱን ሰጣት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች፤ እሱም እንደ ቀድሞው በዐይኑ እንዲከተላት ሳትፈቅድ ዞረች።

ከደጀ ሰላሙ ደርሳ ከቄስ ያረጋል ፊት ተንበረከከች። ቦርሳዋን ከፈተች፤ ጓንቷን አጠለቀች፤ ጨርቁን ፈታች። ቁስሉ ጥሩ ይዟል። ስፌቱን አንድ በአንድ እየቆረጠች ስትመዝዝ ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም፤ ከዐይናቸው የሚወርደው ውኃ ግን በጓንቷ ላይ ይንጠባጠባል።

«ልጄ» አሉ። «ያ ወረቀት... ቀኑን ብትነግሪኝ... እኔ እኮ...»

ዓባይነሽ አገጫቸውን በመዳፏ ደገፈችላቸው። ንግሥቴን የምትይዛት ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ነበር የምትይዛት።

«አይናገሩ፣ አባ» አለቻቸው። «ቁስሉ ይደማል።»